መስመሩ ወጥ ነው ወይስ ይቆራረጣል?

የመነጽር ሱቅ አለኝ፤ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ግራውንድ ላይ። ፊት ለፊቱ ሙሉ በሙሉ መስታወት ነው። አዲስ መነጽር ሊወስድ የመጣ ሰው መጀመሪያ መልኩን ያያል። ከዚያ ሁሉም ሳይመካከሩ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ማዶ ያለውን ማስታወቂያ ያነባሉ፣ የሚያልፈውን ታክሲ ታርጋ ይሞክራሉ። በማሽን ለክቼ የነገርኳቸውን ሁሉ የሚያምኑት ያኔ ነው።

አንድ ጠዋት አንድ አባት አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው ወደ ውጭ አዩ። አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል አደረጉ፣ ወደ ቀኝ መለሱ። «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሳይሰነጠቅ አልቀረም» አሉኝ። ተቀብዬ በብርሃን አየሁት። ሌንሱ ምንም የለበትም። መልሰው አደረጉት። «ኧረ መስመር አለው!» አሉ። ተነስቼ እሳቸው የቆሙበት ቦታ ቆምኩ። እውነታቸውን ነው፣ መስመር አለ። ያለው ግን የሱቁ መስታወት ላይ ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ነጭ መስመር። የጠዋቷ ፀሐይ በጎን ስትመታው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

በሩን ከፍቼ ውጭ አወጣኋቸው። መንገዱን አዩ፣ ረኩ፣ ከፍለው ሄዱ። ነገሩ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። መስታወቱ የተጠረገው በዚያው ጠዋት፣ ሱቁ እንደተከፈተ ነው። ንጹሕ ውሃ ነበረ፣ ላርጎ ነበረ፣ የመስታወት መጥረጊያ ጎማ ነበረ። ታዲያ መስመሩ ከየት መጣ?

## መድገም

መስመር ሲታይ የሁላችንም እጅ የሚሄደው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ይደገም። በሱቁ የምታግዘኝ ልጅ ደገመችው። ያኛው መስመር ጠፋ፣ በአጠገቡ ሌላ መጣ። ላርጎ ጨመርን። ላርጎ ቀነስን። ጨርቅ ቀየርን። በደረቅ ፎጣ ወለወልነው፤ መስመሩ ለቀቀና በምትኩ የፎጣው ብናኝ ተለጠፈበት። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብን።

ጋዜጣም ሞከርን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ያደግነው በጋዜጣ በተወለወለ መስኮት ነው፣ ጋዜጣን የሚንቅ ሰው ደግሞ ደስ አይለኝም። እናቶቻችን በምክንያት ነው የመረጡት። እንደ አሮጌ ፎጣ ክር አይለቅም፣ ውሃም ይመጥጣል። የድሮዎቹ የብረት መስኮቶች በትንንሽ መስታወት የተከፋፈሉ ናቸው። አንዷን መስታወት ሳትደርቅ አጥቦ፣ ወልውሎ፣ ጨርሶ ወደ ቀጣይዋ መሄድ ይቻላል። ለእነሱ ጋዜጣ ዛሬም ጥሩ ነው። ቀለሙ ነጭ ፍሬም ላይ እንዳይቀር መጠንቀቅ ብቻ ነው። የሱቅ መስታወት ግን ቁመቱ ከሰው በላይ ነው። ላዩን ስትወለውሉ ታቹ ደርቆ ይጠብቃችኋል።

እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ሰነበትን። ጠዋት ይጠረጋል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ መስመሩ ይታያል። ለደንበኛ «መስታወቱ ነው፣ መነጽሩ አይደለም» ማለት ልማዴ ሆነ። ይሄ አባባል እኔ ሥራ ላይ ጥሩ አይደለም። ዐይኑን አምኖ የሰጠህ ሰው የሚያየውን ነገር ማስረዳት ከጀመርክ፣ የሆነ ነገር ጎድሏል።

## የልጁ ጥያቄ

ከእኛ ማዶ ያለውን ረጅም ሕንጻ መስታወት በገመድ ተንጠልጥለው የሚያጥቡ ልጆች አሉ። ከእነሱ አንዱ የፀሐይ መነጽር ሊገዛ ገባ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚያንጸባርቅ መስታወት ላይ ለሚውል ሰው ጥሩ የፀሐይ መነጽር የግድ ነው፤ ስለዚህ ጨለማ ብቻ የሆነውን ትቼ ከመስታወት የሚመለሰውን ነጸብራቅ የሚቀንሰውን እያሳየሁት ነበር። እሱ ግን አንዱን አድርጎ ወደ ውጭ ሲመለከት ቆየ።

«እህቴ፣ ይሄ መስመር ሁልጊዜ አለ?» አለኝ።

«ሁልጊዜ ነው። ሳሙናው ይመስለኛል። እናንተ ምን ሳሙና ነው የምትጠቀሙት?»

ለጥያቄዬ መልስ አልሰጠም። ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። «ወጥ ነው ወይስ ይቆራረጣል?»

«ምኑ?»

«መስመሩ። ከላይ እስከ ታች አንድ ሆኖ ነው የሚወርደው፣ ወይስ እዚህ ታይቶ እዚያ ይጠፋል?»

እኔም ጠጋ ብዬ አየሁ። ወጥ ነው። አንድም ቦታ አይቋረጥም፣ ውፍረቱም አይለዋወጥም። «ጎማውን ያምጡልኝ እስቲ» አለ። አመጣሁለት። ውሃ አልጠየቀም፣ ጨርቅ አልጠየቀም። የጎማውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ ጥፍር ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ ዳሰሰው። አንድ ቦታ ላይ ጥፍሩ ያዝ አለ። «ይኸው፣ ይንኩት» አለኝ። በዐይን ብቻ ቢሆን አላያትም ነበር፤ በጣቴ ግን አገኘኋት። ትንሽ ስንጥቅ።

ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ዛሬም ድረስ የሚገርመኝ። መጥረጊያውን ባለበት መስታወቱ ላይ አስደግፎ፣ ጫፉን ከፍሬሙ ጋር አስተካክሎ ያዘው። ስንጥቋ ልክ መስመሩ ላይ አረፈች። «እርስዎ መስመሩን በጠረጉት ቁጥር መጥረጊያው መልሶ ያሰምረዋል» አለ። መነጽሩን ገዛ፣ ሄደ።

ከሄደ በኋላ ብዙ አሰብኩ። ሰው ሲቸገር ይዞ የሚመጣው መፍትሔውን ነው፤ እኔ ሳሙና አልኩ፣ የምታግዘኝ ልጅ ጨርቅ አለች፣ ጎረቤቴ ፈሳሽ የመስታወት ማጽጃ ግዢ አለችኝ። እሱ የጠየቀው የመስመሩን ቅርጽ ነው። ከእኔ ሥራ ጋር ሳስተያየው አንድ ሆነብኝ። አንድ ሰው መጥቶ «ብዥ ይልብኛል» ቢለኝ ሌንስ አላነሳለትም። ሩቁ ነው ወይስ ቅርቡ? ባንድ ዐይን ነው ወይስ በሁለቱም? ጠዋት ነው ወይስ ማታ? ብዥታው ራሱ የት መፈለግ እንዳለብኝ ይነግረኛል። መስታወት ላይ ያለው መስመርም እንደዚያው ይናገራል። ደግሞ ከዐይን ይልቅ ግልጽ አድርጎ ነው የሚናገረው።

## ስለ ጎማው

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚህ መሣሪያ ማንበብ ወደድኩ። ዛሬ የምናውቀው ቅርጽ፣ ቀላል እጀታ ያለውና አንድ ቀጭን ጎማ የያዘው፣ የመጣው ከአንድ መስኮት አጣቢ ነው። ኤቶሬ ስቴኮኔ ይባላል፤ ከጣሊያን ወደ አሜሪካ የተሰደደና ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክላንድ ላይ መስኮት እያጠበ የሚኖር ሰው ነበር። እሱ ሥራውን ሲጀምር የነበረው መጥረጊያ ከባድ ብረት ነው። ሁለት ጎማ አለው። ጎማውን ለመቀየር 12 ብሎን መፍታት ያስፈልጋል። ስቴኮኔ ከነሐስ የተሠራ፣ ቀላል፣ አንድ ስል ጎማ ብቻ ያለው መጥረጊያ ሠርቶ በ1936 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዛሬ የባለሙያዎቹ መጥረጊያ በመሠረቱ ያው የእሱ ነው።

ይሄን ሳነብ የገባኝ አንድ ነገር ነው። 12 ብሎን የሚፈታ ሰው ጎማውን ቶሎ ቶሎ አይቀይርም። ያረጀውን ይዞ ይቀጥላል፣ መስመሩንም ይለምደዋል። የስቴኮኔ መጥረጊያ ጎማ መቀየርን ቀላል አደረገው። ጠቅላላ መሣሪያው ያለው ያንን የጎማ ጠርዝ ስል አድርጎ መስታወቱ ላይ ለማስቀመጥ ነው። ጠርዙ ከዶለዶመ የቀረው ሁሉ እጀታ ነው።

እኛ ጋ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው ባንድ ወገን ስፖንጅ፣ በሌላው ጎማ ያለው ነው። ነዳጅ ማደያ የመኪና መስታወት የሚጠረግበት ዓይነት። የብዙዎቹ ጎማ ወፍራም ነው፣ ጠርዙም ክብ ክብ ያለ ነው፣ ሊቀየርም አይችልም። ለመኪና ይበቃል። ለሱቅ መስታወት ግን ጎማው ተስቦ የሚወጣበትን ዓይነት ፈልጉ፤ ትንሽ ውድ ቢሆንም ያዋጣል። ስትገዙ ጠርዙን ንኩት። አዲስ ጎማ ጠርዙ እንደ ተቆረጠ ቀጥ ያለና ስል መሆን አለበት። ጎማው በሁለቱም ጫፍ ከብረቱ ትንሽ ወጣ ማለት አለበት፤ ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ይበቃል። ያ ከሌለ ጥጉ ላይ ውሃ ይቀራል፣ ብረቱም ፍሬሙን ይጭራል። ባንድ በኩል ሲዶለዱም አውጥቶ መገልበጥ ይቻላል፣ ሌላው ጠርዝ አዲስ ነው።

አያያዙም አለ። «ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይባል የለ? እኛ ሱቅ መጥረጊያው የሚቀመጠው ባልዲው ውስጥ፣ ጎማው ወደ ታች ሆኖ ነበር። ባልዲው ሥር ደግሞ ሁልጊዜ አሸዋ አለ። በዚያ ላይ ባልዲው የሚውለው ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ ነው። ፀሐይ ጎማን ታደርቀዋለች፣ ትሰነጣጥቀዋለች። አሁን ከተጠረገ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ጓዳ ውስጥ ምስማር ላይ ይሰቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ወጥ መስመር ሁሉ ስንጥቅ ማለት አይደለም። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ጎማው ላይ ከተለጠፈች ያንኑ መስመር ታሰምራለች። ልዩነቱ ጎማውን በጨርቅ ስትጠርጉት መታወቁ ነው። ቅንጣት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ስትስቡ መስመሩ ይጠፋል። ስንጥቅ ከሆነ ይመለሳል። ለዚህ ነው ባለሙያዎቹ አንዴ ስበው ሲጨርሱ ጎማውን በጨርቅ ሳይጠርጉ ሁለተኛውን የማይጀምሩት።

## መስመሩ ሌላ ቅርጽ ሲኖረው

ጎማውን ቀየርን። ያ መስመር ጠፋ። ያኔ ከእሱ ጀርባ ተደብቀው የነበሩት ሌሎቹ መታየት ጀመሩ። እነሱን አንድ በአንድ ማንበብ ደስ የሚል ሥራ ሆነብኝ።

አንዱ ዓይነት የሚመጣው በሁለት ስበት መካከል ነው። መጥረጊያውን አንዴ ከላይ ወደ ታች ስባችሁ፣ ጎን ለጎን ሁለተኛውን ስትስቡ፣ መገናኛቸው ላይ ቀጭን የውሃ መስመር ይቀራል። መድኃኒቱ መደረብ ነው። ሁለተኛው ስበት በመጀመሪያው የደረቀ ቦታ ላይ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገባ ማለት አለበት። ከዚህም በላይ መጥረጊያው ትንሽ ማዘንበል አለበት፤ በደረቀው ወገን ያለው ጫፍ ቀደም ብሎ፣ በእርጥቡ ወገን ያለው ጫፍ ወደ ኋላ ቀርቶ። ያኔ ጎማው የሚገፋው ውሃ ሁልጊዜ ወደ እርጥቡ በኩል ይፈሳል። ቀጥ አድርጋችሁ ከሳባችሁት ውሃው በሁለቱም ጫፍ ያመልጣል፣ የደረቀውንም ያበላሸዋል። ይቺን የማዘንበል ነገር ሱቅ የምታግዘኝ ልጅ ከእኔ ቀድማ ነው የለመደቻት።

ሌላው ዓይነት የሚጀምረው ከፍሬሙ ነው። መስታወቱን ጨርሳችሁ ቆማችሁ እያያችሁት፣ ከላይኛው ፍሬም ሥር አንዲት ጠብታ ትወጣና ትወርዳለች። ያ ውሃ ፍሬሙና መስታወቱ መካከል ባለው ማሸጊያ ውስጥ ተደብቆ የነበረ ነው። ስለዚህ መጥረጊያው መስታወቱን ከመንካቱ በፊት የላይኛውን ዳር በደረቅ ጨርቅ አንድ ጣት ስፋት ያህል ማድረቅ ነው። ጎማው ሥራውን ከደረቅ ቦታ ይጀምራል፣ ከፍሬሙም ውሃ አይጎትትም። በመጨረሻ ደግሞ ዳር ዳሩን ክር የማይለቅ ጨርቅ ጣት ላይ ጠቅልሎ አንዴ ማስኬድ። አንዴ ብቻ። ወደ መሐል መግባት የለም፤ ወደ መሐል የገባ ጨርቅ አዲስ ሥራ ያመጣል።

የሚንቀጠቀጥ መስመርም አለ። ጎማው እየተንቀጠቀጠ ሲወርድ ድምፁም ይሰማል። መስታወቱ በቂ ውሃና ሳሙና የለውም ማለት ነው፣ ወይም ጎማው ደርቆ ጠንክሯል፣ ወይም እጅ በጣም ተጭኗል። ሰው መስመር ሲያይ ይበልጥ ይጫናል። ጎማ ሲጫኑት ጠርዙ ይተኛል፤ የሚጠርገው በስሉ ጠርዝ መሆኑ ይቀርና በሆዱ ይሆናል። ላላ አድርጎ መያዝ ነው የሚሻለው።

ስለ ሳሙና ብዙ አልልም። በአንድ ባልዲ ውሃ ጥቂት ጠብታ ላርጎ ይበቃል። ጎማው እንዲንሸራተት ነው የሚያስፈልገው። ሲበዛ መስመር ሳይሆን ጉም የመሰለ ሽፋን ይተዋል፣ በፀሐይ ብቻ ነው የሚታየው።

## ፀሐዩና ውሃው

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ሩጫው ከምን ጋር እንደሆነ ሲታወቅ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሩጫው ከመድረቅ ጋር ነው። ውሃ ከመስታወቱ ላይ በጎማ ከተወሰደ የያዘውን ቆሻሻ ይዞ ይሄዳል። እዚያው ከደረቀ ግን ውሃው ብቻውን ይተናል፤ አቧራው፣ ሳሙናው፣ የሟሟው ማዕድን ይቀራል። መስመር ያልነው ያንን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይሄ ሩጫ ከባድ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ ውሃ የሚፈላውም 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃ እዚህ ቶሎ ይተናል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለ፣ ፀሐዩ ይጋረፋል። የእኛ ሱቅ ወደ ምሥራቅ ነው የሚያየው። ሦስት ሰዓት ላይ መስታወቱ በእጅ ሲነካ ይሞቃል። በዚያ ሰዓት አንዱን ጥግ እርጥብ አድርጋችሁ ሌላው ጋ ሳትደርሱ የመጀመሪያው ደርቋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ሰው በዚያ ሰዓት በፍጥነት ሊቀድመው ሲሞክር ይበልጥ ያበላሻል። ስለዚህ እኛ አሁን የምንጠርገው ፀሐይ ሳትደርስበት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ካልተቻለ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላው ሲዞር። ትልቁን መስታወት ደግሞ ሙሉውን ባንድ ጊዜ አናርስም። ግማሹን አርሰን፣ ግማሹን ጠርገን፣ ከዚያ ቀሪውን።

ውሃውም የራሱ ጉዳይ አለው። የከርሰ ምድር ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይዞ ይመጣል። ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ነጭ ነገር የሚጋገር ከሆነ ያው ነው። መስታወት ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል፣ በሳሙና አይለቅም። አቼቶ በውሃ በጥብጦ ለጥቂት ደቂቃ ማስነካት፣ ከዚያ በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ መስኮታችሁ ሥር ያለው እብነ በረድ ከሆነ አቼቶው እንዳይነካው። እብነ በረድም የካልሲየም ድንጋይ ስለሆነ አቼቶ ይበላዋል። ውሃ ስትጠፋ ደግሞ የምንቀዳው ከሮቶ ነው። የሮቶው ሥር ዝቃጭ አለ። ሮቶው ሊያልቅ ሲል የተቀዳ ውሃ ለወለል ይሁን፣ ለመስታወት አይሁን።

አቧራውን በተመለከተ፣ ይሄ ለእኔ የሙያ ጉዳይ ስለሆነ በጣም ነው የምለው። ደረቅ አቧራ ያለበትን መስታወት በደረቅ ጨርቅ አትሹት። አቧራ ውስጥ ኳርትዝ አለ፤ ኳርትዝ ከመስኮት መስታወት ይጠነክራል። መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ የሚወለውል ሰው ሌንሱን የሚጭረው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ መንካት።

## በየትኛው ወገን ነው?

መስታወት ሁለት ፊት አለው፤ ውስጥ ሆናችሁ የምታዩት መስመር በየትኛው ላይ እንዳለ አይታወቅም። እኛ ከውስጥ ስንጠርግ ከውጭ ሆኖ ይታያል፣ ውጭ ወጥተን ስንጠርግ ከውስጥ ይታያል። ሁለት ሰው በሁለቱ ወገን ቆሞ በምልክት ሲነጋገር ይውላል። ያ ገመድ ላይ የሚሠራው ልጅ ሌላ ቀን ሲያልፍ ሰላም ሊለኝ ገባና ይሄንን ነገርኩት። «ከውጭ ቁልቁል ይሳቡ፣ ከውስጥ አግድም» አለኝ። በቃ። አሁን ቁልቁል የወረደ መስመር ካየሁ ውጭ ነው። አግድም ከሆነ ውስጥ ነው። እንዲህ ቀላል የሆነ ነገር ሲነገረኝ ደስ ይለኛል። ሰው በሥራው ላይ ብዙ ቆይቶ ነው እንዲህ ያለውን የሚያገኘው፣ ደግሞ ሳይሰስት ነገረኝ።

የምናይበትን ሰዓትም መርጠናል። ቀትር ላይ መስታወት ሁሉ ንጹሕ ይመስላል። መስመር የሚታየው ብርሃን በጎን ሲመጣ ነው፤ ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ። ማታ ደግሞ ውጭው ጨልሞ የሱቁ መብራት ሲበራ ከውስጥ ያለው ሁሉ ይታያል። ልጅቱ ሱቅ ከመዝጋታችን በፊት በጎን ሆና አንዴ ታየዋለች። የቀረውን ለነገ ጠዋት በአእምሮዋ ይዛ ትሄዳለች።

መስመር መስሎ ቆሻሻ ያልሆነም አለ። ይሄን ለመለየት እርጥብ ማድረግ ነው። ጥፍር ከያዘው ጭረት ነው። ጥፍር ሳይይዘው፣ እርጥብ ሲሆን ጠፍቶ ሲደርቅ የሚመለስ ነጭ ነገር ደግሞ ወይ የማዕድን ሽፋን ነው፣ ወይ መስታወቱ ራሱ ተበልቷል። አቼቶ ካላነሳው መበላቱን ጠርጥሩ።

የተበላ ስል የሲሚንቶን ነገር ማለቴ ነው። ከእኛ ጎን ግንባታ ተጀምሯል። እርጥብ ሲሚንቶ መስታወት ላይ ሲረጭና ሲቆይ መስታወቱን ይበላዋል፤ በሲሚንቶ ላይ ወርዶ የሚንጠባጠብ የዝናብ ውሃም እንደዚያው። ከደረቀ በኋላ በምላጭ መፋቅ ደግሞ አሸዋውን መስታወቱ ላይ መጎተት ነው። የመስታወት ሌንስ ሲሠራ የሚወለወልበት ሴሪየም ኦክሳይድ የሚባል ዱቄት አለ፤ ቀላል የሆነውን ጉዳት እሱ ሊያነሳው ይችላል። ጠለቅ ያለውን ግን አነሳለሁ ብሎ የሚወለውል ሰው መስታወቱን ያጎደጉደዋል፣ ከዚያ በኋላ ውጭው እየተጣመመ ነው የሚታየው። ለመነጽር ሱቅ ይሄ ከመስመር ይብሳል።

የቀኙ መስታወት ታችኛው ጥግ ላይ ሁለት ነጠብጣቦች ከወዲሁ ቀርተዋል። ፎርማኑን ሄጄ አነጋገርኩት፤ ጨዋ ሰው ነው፣ ሸራ ሰቀለልን። ሸራውን አልፎ የሚረጭ ካለ ሳይደርቅ ወዲያው ውሃ እንዲያፈሱበት ተስማምተናል። ባልዲው እነሱ በር ላይ ነው ያለው።